ምዕራፍ 6፦ የ45 ሰከንድ እንጀራ

ሐዴራ በብርድ ወራት እንግዳ የሚጎርፍላት ሻርክ ለማየት ነው። ባሕሩ ዳር የቆመው የኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ማሽኖቹን ያበረደበትን ውኃ ለብ እንዳለ ወደ ባሕር ይመልሰዋል፤ ሻርኮቹም ያችን ሙቀት ፈልገው መጥተው እዚያው ይከርማሉ። በረዶ ቢመጣ ከዝናብ ጋር ወርዶ ወዲያው የሚሟሟ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ፣ ከየመን የመጡ አይሁዶች በቆረቆሩት በናሕሊኤል ሰፈር፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከማትናስ (ከሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል) ተመልሶ «እማዬ፣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው የምሆነው» ቢል እናቱ ሳትስቅ አትቀርም። «ነገ ደግሞ አብራሪ ትሆናለህ፤ በል እጅህን ታጠብ» ብላ ታልፈዋለች።

በዚህ መጽሐፍ ካየናቸው የእንጀራ መንገዶች ሁሉ ከእኛ፣ ከኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን ማኅበረሰብ የራቀው ይኼኛው ነው። ቢሆንም ሥራ ነው፤ ደመወዝ፣ የሠራተኛ ማኅበርና ጡረታ ያለው ሥራ። ስለዚህ የልጁን ነገር በሳቅ ከማለፍ ይልቅ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ፣ በሩ የሚዘጋው መቼ እንደሆነ፣ በሩን ያለፉትም ምን በልተው እንደሚያድሩ ማወቅ ይሻላል። የማምነውን አስቀድሜ ልናገር፦ ሆኪ ተጫዋች የሚለየው በችሎታው ነው ይባላል፤ እኔ ግን የችሎታ ተራ የሚደርሰው ሦስተኛ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከእርሱ በፊት የሚጠየቁት በረዶውና ቤተሰቡ ናቸው። በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሥራው እንጀምር። አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ስድስት ሰው ነው፤ አምስት ተጫዋችና አንድ ግብ ጠባቂ። ለአንድ ጨዋታ ግን 20 ያህል ሰው መለያ ይለብሳል። ጨዋታው ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው። ሜዳው 60 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስፋቱ 26 ሜትር አይሞላም። ዙሪያውን የታጠረ ስለሆነ እንደ እግር ኳስ «ወጣ» እየተባለ በየደቂቃው የሚቆም ነገር የለም። የሚመታው ፓክ የሚሉት ክብ ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ ነው፤ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከቱታል፤ ካልቀዘቀዘ በረዶው ላይ እየነጠረ ያስቸግራል።

አሁን አንድ አጥቂ እንከተል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። አሠልጣኙ ከኋላ ሆኖ የእርሱን መስመር፣ አብረውት የሚሰለፉትን አጥቂዎች፣ ይጠራል። የሚተካው ጓደኛው ወደ አጥሩ ሲጠጋ እርሱ በር እስኪከፈት አይጠብቅም፤ አጥሩን በእጁ ተደግፎ ዘሎ ይገባል። ጨዋታው አልቆመም፤ ቅያሪው የሚካሄደው ፓኩ እየሄደ ነው። በአምስት በስድስት ግፊት ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። ፓኩ ከተቃራኒው ግብ ጀርባ ጥግ ገብቷል፤ ተከላካዩም እርሱም ወደዚያው ይበራሉ። ሁለቱ ከአጥሩ ጋር ሲላተሙ ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል። ፓኩን በእግሩ ያስለቅቃል፣ ለጓደኛው ያቀብላል፣ ሄዶ ግቡ ፊት ይቆማል፤ እዚያ ደግሞ ወገቡን በዱላ ይገፉታል። ምቱ ይመለሳል። ሌላው ቡድን ፓኩን ነጥቆ ሲወጣ ያን ሁሉ ሜዳ እንደገና ወደ ኋላ መብረር አለበት። አርባኛው ሰከንድ ላይ ጭኑን እሳት ይበላዋል። እንደምንም አግዳሚው ጋ ይደርሳል፤ ሌላው ዘሎ ይገባል። 45 ሰከንድ። ይህን በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል።

ለምን 45? ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ደም የሚያመጣለትን ኦክስጅን ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ያጠራቀመውን ነው የሚያነደው። ያ ጥሪት ከግማሽ ደቂቃ በኋላ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ከደቂቃ በላይ በረዶው ላይ የቆየ ተጫዋች እግሩ ይከዳዋል፤ ብዙ ግብም የሚገባው እንዲህ የደከመ መስመር መውጫ ሲያጣ ነው። ማራቶን እያየ ላደገ ዓይን ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ለእስራኤል የብር ሜዳሊያ ያመጣው ማሩ ተፈሪ ጉልበቱን ለሁለት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ገደማ አብቃቅቶ የሚያወጣ ሰው ነው። የሆኪው ሰው ግን ጉልበቱን ከቆጠበ ነገ ቦታውን ሌላ ይወስድበታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ብረት ላይ ቆሞ ነው። የብረቱ ሥር መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚሳል ግራና ቀኝ ሁለት ስለት አለው፤ ተጫዋቹ ክብደቱን ከአንዱ ስለት ወደ ሌላው እያዛወረ ይታጠፋል፣ ይቆማል፣ በጀርባው ይሄዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ ይህን አያስበውም፤ ዓይኑ ፓኩና ጓደኞቹ ላይ ነው። በ14 ዓመቱ የጀመረ ግን ምንም ጎበዝ ቢሆን ግማሽ ሐሳቡ እግሩ ላይ ይቀራል። የጨርቅ ኳስ ያለው ልጅ እግር ኳስ ጀመረ ማለት ነው። ለሩጫ ደግሞ መንገድ ይበቃል። ስኬት የሚባለው ጫማ ግን ያለ በረዶ ከመደርደሪያ አይወርድም።

በረዶው ከየት ይመጣል? ከሰማይ አይደለም። የሆኪ ሜዳ ሲሚንቶ ወለል ነው፤ ውስጡ በተዘረጉ ቱቦዎች እጅግ የቀዘቀዘ ጨዋማ ፈሳሽ ይዞራል፤ ከላይ ውኃ በስሱ እየተረጨ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪወፍር ይረጋል። በየመሐሉ ወጥቶ ላዩን እየላጨ ሙቅ ውኃ የሚያለብሰውን ዛምቦኒ የተባለ መኪና ፍራንክ ዛምቦኒ በ1949 የሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ብርድ በማይታወቅበት አገር ማለት ነው። በረዶ የአየር ጠባይ ጉዳይ መሆኑ ከቀረ ቆየ። አሁን የኤሌክትሪክና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪኩ እንኳ ከሐዴራ ይወጣል፤ በረዶው ግን ሌላ ቦታ ነው የሚረጋው።

እስራኤል ውስጥ ለረጅም ጊዜ «ደህና በረዶ» ሲባል ሜቱላ ማለት ነበር። በሊባኖስ ድንበር ጫፍ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ በካናዳ አይሁዶች እርዳታ የተሠራው የካናዳ ማዕከል በ1990ዎቹ አጋማሽ ተከፈተ። ከናሕሊኤል እዚያ ለመድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ያስፈልጋል። ከኦክቶበር 2023 በኋላ ደግሞ የሜቱላ ነዋሪዎች ከተማቸውን ለቀው ወጡ። በጃንዋሪ 2024 ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን የእስራኤልን ቡድኖች ለደኅንነት በሚል ከውድድር አገደ፤ ከቀናት በኋላ ለወጣቱ ቡድን ፈቀደ። በቅርብ ዓመታት ናታንያ አጠገብ ትኑቮት ላይ አዲስ የበረዶ ሜዳ መከፈቱ ነገሩን ቀይሮታል፤ ለሐዴራ ሰው ይህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ልጁ ከአሥር ዓመት በፊት ቢወለድ ኖሮ ይህ ምዕራፍ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

አንድ የቀን ግጥጥሞሽ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እስራኤል በዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን አባልነት የተመዘገበችው በ1 ሜይ 1991 ነው። በዚያው ወር በ24 እና በ25 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ። ሁለቱን የሚያገናኝ ክር የለም። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ከሶቪየት ኅብረት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየገባ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ሆኪ የተጫወተ፣ ያሠለጠነ፣ የዳኘ ሞልቷል። እነርሱ ስኬታቸውን በሻንጣ ይዘው መጡ። የእኛ ሰው በዚያ ሌሊት ሻንጣም አልያዘ። ሆኪ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ጨዋታ ነው፤ ጫማውን ማሰር፣ ብረቱን ማሳል፣ የትኛው አሠልጣኝ እንደሚሻል ማወቅ ሁሉ ቤት ውስጥ ነው የሚለመደው። በእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የሩሲያ ስሞች የበዙት በዚህ ነው። በ2005 ቤልግሬድ ላይ የምድቡን ወርቅ ወስዶ ወደ ላይኛው ምድብ ያለፈውን ቡድን ያሠለጠነው ደግሞ ሞንትሪያል ካናዲያንስን በ1986 ለስታንሊ ካፕ ዋንጫ ያበቃው ካናዳዊው ዣን ፔሮን ነበር።

ከሐዴራ ወደ ደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የምትገኘው ናታንያ ሁለት ልጆች አፍርታለች፤ አጠገብ ለአጠገብ ሲያዩአቸው የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ ያስረዳሉ። የመጀመሪያው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1992 የተወለደው የእግር ኳስ ተጫዋች ኤሊ ዳሳ ነው። ቤይታር ኢየሩሳሌም፣ ማካቢ ቴል አቪቭ፣ የሆላንዱ ቪቴስ፣ ከዚያም ዲናሞ ሞስኮ እያለ አድጎ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በካፒቴንነት መራ። የእርሱ መንገድ ከሰፈር ሜዳ ይነሣል፤ ሜዳው በየከተማው አለ፣ ክለቡ አለ፣ መልማዩም ይመጣል። ሁለተኛው በ1999 የተወለደው ዴቪድ ሌቪን ነው። ሆኪን የለመደው በበረዶ ላይ አይደለም፤ ባለ ጎማ ጫማ አድርጎ፣ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ አባቱ እያሠለጠነው ነው። በ12 ዓመቱ ወላጆቹን ትቶ ቶሮንቶ ወደሚኖሩት አክስቱና አጎቱ ሄደ። በበረዶ ላይ መንሸራተትን በደንብ የተማረው እዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ በኦንታርዮ የወጣቶች ሊግ የምርጫ ቀን ሰድበሪ ዉልቭስ ከሁሉ በፊት አንደኛ ብሎ ስሙን ጠራ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በካናዳ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶች የሚጫወቱባቸው ሦስት ትልልቅ ሊጎች አሉ፤ የኦንታርዮው አንዱ ነው። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ቡድኑ ከሚመድብለት ቤተሰብ ጋር ይኖራል፣ ቀን ይማራል፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጨዋታ ይጫወታል፣ ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛል። ለኪስ የሚሆን ገንዘብ ይሰጡታል፤ ደመወዝ ግን አይባልም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር እነዚህን ልጆች እንደ ፕሮፌሽናል ቆጥሮ ለብዙ ዓመታት በሩን ዘግቶባቸው ኖሯል። ስለዚህ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በሊጉ ወይም በዩኒቨርሲቲው መካከል ዕድሜ ልኩን የሚወስን ምርጫ ያደርግ ነበር። ይህ ደንብ በኖቬምበር 2024 ተሽሮ ከ2025 መኸር ጀምሮ ሁለቱንም በተራ መሞከር ተችሏል። ለልጃቸው ትምህርት ለሚሳሱ ወላጆች ከዚህ የበለጠ የምሥራች ሆኪ ውስጥ በቅርቡ አልተሰማም።

ልጅን በ12 ዓመቱ ለዘመድ መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለትምህርት ከገጠር ወደ ከተማ አጎት ቤት የተላከው ስንቱ ነው። ቶሮንቶም የሐበሻ ከተማ ናት፤ አክስት አይጠፋም። የሚከብደው ወጪው ነው። በዚያ ከተማ ከፍተኛ በሚባለው የልጆች ሆኪ ውስጥ አንድ ዓመት በብዙ ሺሕ ዶላር ይቆጠራል። ጥሩ ዱላ ብቻውን ከ300 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ይሰበራልም። ጫማው በየዓመቱ ይጠብባል። ልምምዱ ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ መኪና የሚያሞቅ፣ ዕቃ የሚሸከም አዋቂ ያስፈልጋል። ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ያለችበት ቤት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

በልጆች ምርጫ ላይ የሚሠራ ሌላ የማይታይ እጅም አለ። በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቡና ምሁር የምርጥ ተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲያይ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች በዝተው አገኛቸው። ምክንያቱ ኮከብ ቆጠራ አይደለም። ልጆች በዕድሜ የሚመደቡት ከ1 ጃንዋሪ ጀምሮ ስለሆነ በጃንዋሪ የተወለደው የስምንት ዓመት ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው ጓደኛው በአንድ ዓመት ገደማ ይበልጣል፤ ገዝፎ ይታያል፣ ይመረጣል፣ የተሻለ አሠልጣኝና ተጨማሪ ሰዓት ያገኛል፤ ኋላ በእውነትም ይሻላል። የልደት ቀናቸው ያልተጻፈ ብዙ ስደተኞች በየደረሱበት አገር 1 ጃንዋሪ ተብለው መመዝገባቸውን ሳስታውስ ይህ ጥናት ፈገግ ያሰኘኛል። ወረቀቱ ታላቅ ያደርጋቸዋል፤ ሜዳ ላይ የሚገፋቸው ልጅ ግን ወረቀት አያነብም።

ወደ ሌቪን እንመለስ። ሰድበሪ ውስጥ ዓመታት ተጫውቶ፣ ግብም አግብቶ፣ ዋናው ሊግ ኤን ኤች ኤል በተጫዋቾች ምርጫው፣ በድራፍት ቀን፣ ስሙን ሳይጠራው ቀረ። አሥራ አምስት ዓመት ላይ ከእኩዮቹ ሁሉ አንደኛ የነበረ ልጅ! ኤን ኤች ኤል 32 ቡድኖች አሉት፤ ድራፍቱ ሰባት ዙር ነው፤ በዓመት የሚጠራው 224 ስም ብቻ ነው፤ ያውም ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከሩሲያ ሁሉ ተሰብስቦ። መጠራትም መጫወት አይደለም። ለዚህ ምስክሩ ማክስ ቢርብራየር ነው። ካዛክስታን ተወልዶ በ1990ዎቹ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል ገባ፤ ኋላ ካናዳ ተሻገረ፤ በ2000 ኒው ጀርሲ ዴቭልስ በሦስተኛው ዙር፣ በ67ኛ ቁጥር መረጠው። ለድራፍት የበቃ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ነበር። አንዲት የኤን ኤች ኤል ጨዋታ ግን ሳይጫወት በታችኞቹ ሊጎች፣ በኋላም ብሪታንያ ውስጥ እንጀራውን በላ።

የእስራኤል ልጅ ሌላም ሒሳብ አለበት። 18 ዓመት ሲሞላው ሠራዊቱ ይጠራዋል፤ ያ ዕድሜ ደግሞ ድራፍት የሚጠራበት ዕድሜ ነው። ለላቀ ስፖርተኛ የሚሰጥ «ስፖርታይ ሚጽታየን» የሚባል ደረጃ አለ፤ እያገለገለ እንዲለማመድ ያስችለዋል። ደረጃው የተሠራው ግን ማታ ማታ አገሩ ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ነው። ካናዳ ለሚጫወት ልጅ ወላጆቹ ጉዳዩን ከዓመታት በፊት በጽሑፍ መጨረስ አለባቸው እንጂ «ሲደርስ እናያለን» አያዋጣም።

እንግዲህ ልጁ ተጠራ እንበል። የሚፈርመው የመጀመሪያ ውል ለሦስት ዓመት ነው፤ የደመወዙ ጣሪያ በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት የተወሰነ ስለሆነ ወኪሉ ብዙ የሚከራከርበት የለም። ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዋጋ አለው፦ ላይኛው ሊግ ሲጫወት አንድ፣ ታች ወዳለው ኤ ኤች ኤል ሲወርድ ሌላ። በ2024-25 የውድድር ዘመን የኤን ኤች ኤል ዝቅተኛው ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር፤ በቀን ሲከፈል ወደ 4,000 ዶላር ይመጣል። ታች ሲሆን ብዙ ጊዜ የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ የታችኛው ሊግ ተጫዋች ስልኩን ከአጠገቡ አይለይም። ላይ አንድ ሰው ጉልበቱን ሲጎዳ አሠልጣኙ ጠርቶ «ዕቃህን ያዝ፣ አውሮፕላንህ በስድስት ሰዓት ነው» ይለዋል። ሚስቱ ልጅ ታቅፋ የተከራዩት ቤት ትቀራለች። አራት ቀን ተጫውቶ የተጎዳው ሲሻለው ይመለሳል። ያች አራት ቀን በታችኛው ሊግ የአርባ ቀን ደመወዝ ናት።

ቆየት ያለ ተጫዋች ሲሆን ደግሞ ቡድኑ እንዲሁ ወደ ታች አያወርደውም፤ መጀመሪያ ለሌሎቹ 31 ቡድኖች ለ24 ሰዓት ያቀርበዋል። የፈለገ ይወስደዋል። ሰውየው ማታ ቦስተን ተኝቶ በማግሥቱ የሥራ ቦታው ሳን ሆዜ መሆኑን ሊሰማ ይችላል፤ እምቢ ማለት ሥራ መልቀቅ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ሰው ይህን ሲያስብ ሚሊዮኑ ትንሽ ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ ወዲያ ያለው ዓለም፣ አብዛኛው የሆኪ ባለሙያ የሚኖርበት፣ የአንድ ዓመት ውል ዓለም ነው። በፖላንድ፣ በስሎቫኪያ፣ በፈረንሳይ፣ በካዛክስታን፣ በብሪታንያ ያሉ ክለቦች ለውጭ ተጫዋች ደመወዝ፣ አፓርታማ፣ አንዳንዴ መኪና ይሰጣሉ። በሚያዝያ ውድድሩ ያልቃል፤ ውሉም ያልቃል፤ እስከ ነሐሴ ሌላ መፈለግ ነው። የዚህን ኑሮ ልክ ማየት የሚፈልግ የኤሊዔዘር ሼርባቶቭን ታሪክ ይከተል። በ1991 ረሖቮት ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ሞንትሪያል አጠገብ ወዳለችው ላቫል ወሰዱት። በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ የግራ እግሩ ከጉልበት በታች ስሜቱን በአብዛኛው አጣ፤ በዚያው እግር ፕሮፌሽናል ሆነ፣ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድንም በካፒቴንነት መራ። ፈረንሳይ ተጫወተ፣ ካዛክስታን ተጫወተ፣ ስሎቫኪያ ተጫወተ። በ2020 ለፖላንዱ ኡኒያ ኦሽቪየንቺም ፈረመ፤ ኦሽቪየንቺም ጀርመኖች አውሽቪትዝ ያሏት ከተማ ናት። አይሁድ ሆኖ እዚያ መጫወቱን የነቀፉ ነበሩ፤ እርሱ ግን ሄዶ ተጫወተ። በእኔ ግምት ትክክል ነበር፤ ከዚያች ከተማ አይሁዳዊ እንዲጠፋ የፈለጉት ሌሎች ነበሩና። በቀጣዩ ዓመት ውሉ ከዩክሬኑ ማሪዩፖል ጋር ሆነ። ጦርነቱ በ24 ፌብሩዋሪ 2022 ሲጀመር ከቡድኑ ጋር ምሥራቅ ዩክሬን ውስጥ ነበር፤ በባቡር ወደ ሊቪቭ፣ ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ፖላንድ ገባ። ይህ ሰው ሚሊየነር አይደለም። ሙያውን በሚገባ የሠራ የሆኪ ሠራተኛ ነው።

አካልን በተመለከተ አጭር ልሁን። ጥርስ ይወልቃል፣ ትከሻ ይወጣል፣ ጭንቅላት በተደጋጋሚ ይመታል፤ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ነው የሚገለጠው። በኦክቶበር 2023 እንግሊዝ ውስጥ ለኖቲንግሃም ፓንተርስ ይጫወት የነበረው አዳም ጆንሰን አንገቱን የሌላ ተጫዋች ስኬት ቆርጦት ሞተ። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ ላይ የአንገት መከላከያ ግዴታ አደረገ። መከላከያው ቀድሞም ነበር፤ ብዙዎች ይሞቃል እያሉ አያደርጉትም ነበር። ልጃችሁን ባለ ጎማም ሆነ ባለ ብረት ጫማ ስታጫሙ ከራስ ቁሩ እኩል የአንገት መከላከያውን ጠይቁ።

ልጃችሁ ሴት ብትሆንስ? እስከ ቅርብ ጊዜ መልሱ «ለፍቅር ነው እንጂ ለእንጀራ አይሆንም» ነበር። በ1 ጃንዋሪ 2024 የሰሜን አሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ደመወዝ 35,000 ዶላር ሆኖ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ለስድስት ተጫዋቾች 80,000 እንዲከፍል ተደረገ። ከወንዶቹ ጋር አይወዳደርም፤ ግን የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ጥቁር ልጅ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ቦታ አለው ወይ ለሚለው መልስ ከሌላ የበረዶ ስፖርት ልጀምር፤ የእኛው ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ካደገ በኋላ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ባንዲራ ይዟል፤ እርሱን የሠራው ያደገበት በረዷማ አገር ነው። የሆኪው ጆኒ ኦዱያም እንዲሁ ነው። አባቱ ኬንያዊ፣ እናቱ ስዊድናዊት፣ ትውልዱ ስቶክሆልም፤ በ2001 ድራፍት በሰባተኛው ዙር በ221ኛ ቁጥር ተጠርቶ፣ ኤን ኤች ኤል ለመግባት አምስት ዓመት ጠብቆ፣ ከቺካጎ ጋር በ2013 እና በ2015 ስታንሊ ካፕ አነሣ። ኬንያም ናይሮቢ ላይ በፓናሪ ሆቴል ውስጥ በተሠራች አንዲት ትንሽ የበረዶ ሜዳ አይስ ላየንስ የሚባል ቡድን አውጥታ በ2024 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል ሆናለች። ደም አይደለም የሚያግደው፤ ሜዳው ሲኖር ልጆቹ ይመጣሉ።

የመንገዱ ጠራጊ ግን ዊሊ ኦሪ ነው፤ የሙያውም ሙሉ ቅርጽ በእርሱ ላይ ይታያል። በ1935 ካናዳ ፍሬደሪክተን ተወለደ። ፕሮፌሽናል ከመሆኑ በፊት ፓክ ቀኝ ዓይኑን መትቶ አጠፋበት። ይህን ለማንም ሳይናገር፣ ፓኩ በሚያየው ዓይኑ በኩል እንዲመጣለት ኋላ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ተዛውሮ ተጫወተ። በ18 ጃንዋሪ 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ሲሰለፍ የኤን ኤች ኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ሁለተኛው እስኪመጣ 16 ዓመት አለፈ። በዚያ ሊግ የተጫወተው በድምሩ 45 ጨዋታ፣ ያገባው አራት ግብ ነው። የቀረውን ከሃያ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በሎስ አንጀለስ፣ በሳን ዲዬጎና በሌሎችም የታችኛው ሊግ ከተሞች በስድብ መካከል እየተጫወተ፣ ከአርባ ዓመቱ በኋላ ነው ስኬቱን የፈታው። ከዚያ ሳን ዲዬጎ አጠገብ በአንድ ትልቅ ሆቴል ጥበቃ ላይ ሠራ። በ1998 ኤን ኤች ኤል ፈልጎ ሲቀጥረው የ62 ዓመት ሰው ነበር፤ የሰጡት ሥራም የሆኪ ሜዳ ገብተው ወደማያውቁ ሰፈሮች ልጆች እየሄደ ማስተማርና ማግባባት ነበር። በዚያ ሥራ ላይ የቆየው በተጫዋችነት ከቆየበት ዘመን በላይ ነው።